መቅጃው ሲሞላ፣ ሃርድ ዲስኩ ሲያረጅ

በአሽቀሎን ለሚኖሩ አዲስ ገቢ ቤተሰቦች በአማርኛ የኅብረተሰብ ሬዲዮ የተሰጠ ንግግር

 

በዚህ ሰዓት ብዙውን ጊዜ የምናነሣው ስለ ኡልፓን፣ ስለ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ስለ ኩፓት ሆሊም፣ እንዲሁም በፖስታ ስለሚመጣው የአርኖና ክፍያ ነው። ዛሬ ግን የምንነጋገረው ከቴሌቪዥኑ ሥር ስለተቀመጠው የምስል መቅጃ ሣጥን ይሆናል። «የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ከመቼ ወዲህ ነው የቴሌቪዥን ጠጋኝ የሆነችው?» የሚል አድማጭ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጠጋኝ አልሆንኩም። ነገር ግን በሥራዬ ምክንያት በየቤቱ ስገባ ይህ ሣጥን የቤተሰብ ጭቅጭቅ ሲያስነሣ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ጭቅጭቁም ተራ ነገር ሆኖ አላገኘሁትም።

እንደምታውቁት አንድ ቤተሰብ ከመርከዝ ክሊጣ ወጥቶ የራሱን ቤት ሲይዝ፣ ቀደም ብለው የመጡት ዘመዶቹ ካላቸው ያካፍሉታል። ሶፋው ይመጣል፣ ፍሪጁ ይመጣል፣ ምንጣፉ ይመጣል። ከቴሌቪዥኑም ጋር ዲቪዲ የሚያጫውት፣ በውስጡ ደግሞ ሃርድ ዲስክ ያለው መቅጃ አብሮ የሚመጣበት ጊዜ አለ። ይህ ዓይነቱ ዕቃ በ2000ዎቹ ዓመታት በሰፊው ይሸጥ ነበር። ዓመተ ምሕረቱን የምጠራው እዚህ አገር በሚቆጠረው መሆኑን ልብ በሉልኝ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰዎች በትልልቁ የቪዲዮ ካሴት ላይ የነበረውን ሠርግ፣ የስግድ በዓልና የሽማግሌዎች ንግግር ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ባላቸው ገመዶች ወደዚህ ሣጥን ገለበጡ። ካሴቱንም «ከእንግዲህ ምን ያደርግልናል?» ብለው ጣሉት። ስለዚህ የአንዳንዱ ቤተሰብ ምስል ዛሬ በዓለም ላይ ያለው በአንድ ሣጥን ውስጥ ብቻ ነው።

አንድ ቤት ልጥቀስ፤ ስማቸው ይቅር። እናትየው ከጎንደር የመጡት በቅርብ ዓመታት ነው። ታላቅ ወንድማቸው ግን በ1984 ዓ.ም. በሱዳን በኩል በዘመቻ ሙሴ ጊዜ ገብተው ነበርና፣ እኅትና ወንድም ሳይተያዩ ብዙ ዘመን አለፈ። ወንድምየው እኅታቸው ከመድረሳቸው በፊት አረፉ። ከእሳቸው የቀረው፣ በአንድ የስግድ ማግስት ቤታቸው ተቀምጠው የሱዳንን መንገድ ሲተርኩ ልጃቸው የቀዳው ሁለት ሰዓት የማይሞላ ምስል ነው። በመንገድ ላይ የቀሩትን በየስማቸው ይጠራሉ። በዚያ መንገድና በሱዳን መጠለያዎች 4,000 ያህል ሰዎች እንዳለቁ ይነገራል፤ መታሰቢያቸውም በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ ላይ ቆሟል። የእኒህ እናት ሟቾች ስም ግን የሚሰማው ከዚያ ሣጥን ብቻ ነው።

አንድ ቀን የልጅ ልጃቸው የእግር ኳስ ጨዋታ ሊቀዳ ሲል ሣጥኑ በዕብራይስጥ «ቦታ የለም፤ የቆየውን አጥፋ» አለው። ልጁ ዝርዝሩን ከፈተ። የተጻፈው ቀንና ሰዓት ብቻ ስለነበር፣ ረጅሙንና የቆየውን መርጦ ሊያጠፋ ጣቱ ሪሞቱ ላይ ነበረ። አያቱ ጮኹ፤ እሱም «ታዲያ ምን ላድርግ?» ብሎ በዕብራይስጥ መለሰ። እሳቸው የሱን ዕብራይስጥ አልሰሙትም፤ እሱም የእሳቸውን ለቅሶ ከየት እንደመጣ አላወቀውም። እኔ የተጠራሁት ለዚህ ነው።

ልጁ የጠየቀው ጥያቄ ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሣጥኑ ሲሞላ ምን ይደረጋል? መልሱ ባጭሩ፣ ሃርድ ዲስኩን በትልቁ መተካት ይቻላል፣ ለዚህም አዲስ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም፣ ሰው የጣለው አሮጌ ኮምፒዩተር ይበቃል የሚል ነው። ዳሩ ግን ከመተካት በፊት መገልበጥ ይቀድማል። ይህን ቅደም ተከተል የሚያዛባ ሰው ትልቅ ባዶ ሣጥን ይዞ ይቀራል።

በመጀመሪያ ሣጥናችሁ የማን እንደሆነ እወቁ። ከኬብል ወይም ከሳተላይት ድርጅት በየወሩ እየከፈላችሁ የምትጠቀሙበት፣ በዕብራይስጥ መሚር የሚባለው ሣጥን የድርጅቱ ንብረት ነው፤ እንዳትከፍቱት። በውስጡ የተቀዳውም ምስል በቁልፍ የተቆለፈ ስለሆነ ዲስኩ ወጥቶ ሌላ ቦታ ቢሰካ አይታይም። ውሉ ሲቋረጥና ሣጥኑ ሲመለስ የቀዳችሁት ሁሉ አብሮ ይሄዳል። እንዲህ ዓይነቱ ሣጥን ላይ የቤተሰብ ነገር አይታመንም።

እግረ መንገዴን ሌላም ልናገር። «ትልቅ ዲስክ ያለው አዲስ መሚር እንስጣችሁ» እያለ የሚደውል ሻጭ ብዙ ነው። አዲስ የመጣ ሰው ደግሞ እንግዳ ማክበር ለምዶ «እሺ፣ እሺ» ይላል፤ እሺታውም በስልክ ይቀዳና ውል ይሆናል። በዚህ አገር የሸማቾች ጥበቃ ሕግ መሠረት በስልክ የተገባን ውል በ14 ቀን ውስጥ መሰረዝ ይቻላል። ለአዲስ ገቢ፣ ለአረጋዊና ለአካል ጉዳተኛ ግን፣ ውሉ የተገባው ከሻጩ ጋር በመነጋገር ከሆነ፣ ጊዜው እስከ 4 ወር ይረዝማል። አዲስ ገቢ የሚባለውም የአሊያ የምስክር ወረቀት ከተቀበለ 5 ዓመት ያልሞላው ነው። ይህን ሳታውቁ በየወሩ የምትከፍሉ ካላችሁ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ ወይም ወደ ሕግ ምክር ሰጪ ሂዱ።

የራሳችሁ ንብረት የሆነው መቅጃ ግን ሊከፈት ይችላል። ይህ ሥራ አዲስ ፈጠራ አይደለም። በ1999 በአሜሪካ ቲቮ የተባለ መቅጃ ለገበያ ወጥቶ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ 14 ሰዓት፣ ሌላው 30 ሰዓት ያህል ብቻ ይቀዳ ስለነበር ቶሎ ይሞላ ነበር። ገዢዎቹ ሣጥኑን ከፍተው ሲያዩት በውስጡ ያገኙት ማንኛውም ኮምፒዩተር ያለውን ዓይነት ሃርድ ዲስክ ነው። አውጥተው ከአሮጌ ኮምፒዩተራቸው ጋር ሰኩት፣ ሊኑክስ በተባለው ነፃ ፕሮግራም አማካይነት ያለውን ሁሉ ወደ ትልቅ ዲስክ ገለበጡት፣ ትልቁንም መልሰው ሣጥኑ ውስጥ ከተቱት። ሣጥኑ ሥራውን ቀጠለ። ዛሬም የሚደረገው ይኸው ነው።

ሃርድ ዲስክ ምን እንደሆነ ለማያውቁ እናቶችና አባቶች ልግለጽ። በውስጡ እንደ ምጣድ ክብ የሆነ የሚያብረቀርቅ ሰሌዳ አለ፤ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይሽከረከራል። ከላዩ ላይ ከፀጉር እጅግ በሚያንስ ርቀት የሚያነብና የሚጽፍ ክንድ ይንሳፈፋል። እንግዲህ የሚሽከረከር ነገር ሁሉ አንድ ቀን ይቆማል። የማኅደር መጽሐፍ ከብት ቆዳ ላይ ተጽፎ ብዙ መቶ ዓመት ሲቆይ፣ ይህ ዕቃ ግን ዓመታቱ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሣጥኑ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ካሰማ፣ ምስሉ እየቆመ ከሄደ፣ ወይም ለመነሣት ብዙ ጊዜ ከወሰደ፣ ዲስኩ እየደከመ ነውና በየቀኑ ማብራታችሁን አቁሙ። በአሽቀሎን የበጋ ሙቀት በቴሌቪዥን ቁም ሣጥን ውስጥ አየር እንዳያገኝ አድርጎ ማስቀመጥና በላዩ ላይ ዳንቴል ማልበስም ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ዳንቴሉ ያምራል፣ አውቃለሁ፤ ግን አንሡት።

አሁን ወደ መገልበጡ እንምጣ። መቅጃው ገና የሚሠራ ከሆነ ዲቪዲ የመጻፍ ችሎታውን ተጠቀሙበት። አንድ ተራ ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል፤ ይህም በመካከለኛ ጥራት 2 ሰዓት ያህል ነው። የዲቪዲው ክፍል ከተበላሸ፣ ቢጫ፣ ቀይና ነጩን ገመድ ከመቅጃው ወደ ኮምፒዩተር የሚያገናኝ አነስተኛ ዕቃ በኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ይገኛል። በዚህ መንገድ የ2 ሰዓት ምስል ለመገልበጥ 2 ሰዓት ይፈጃል፤ ማቻኮል አይቻልም። 160 ጊጋባይት የሆነ ዲስክ በመካከለኛ ጥራት ከ60 ሰዓት በላይ ስለሚይዝ፣ ሁሉን እገለብጣለሁ ብሎ መነሣት ሰውን ያሰለቻል። ስለዚህ የማይተካው ይመረጥ። የቴሌቪዥን ድራማው ይቅር፤ የሽማግሌው ንግግር ይቅደም።

መራጩ ማን ነው? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛን የሚመለከተው። ወደዚህ አገር ስንመጣ የቤቱ ሥርዓት ይገለበጣል። ልጁ ዕብራይስጡን ቀድሞ ይይዝና ወረቀቱን የሚያነበው፣ ስልኩን የሚመልሰው፣ ከቢሮ ጋር የሚነጋገረው እሱ ይሆናል። በአገሩ አዝመራ ያዘዘ፣ በሽምግልና የተቀመጠ አባት ጥግ ይይዛል። ልጁም ሳይወድ በግድ አባቱን እንደማያውቅ ሰው መቁጠር ይጀምራል። በዚህ ሥራ ግን ልጁ ብቻውን ምንም አይሆንለትም። ገመዱን የሚያውቀው ልጁ ነው፤ ምስሉ ላይ ያለውን ሰው የሚያውቁት ግን ወላጆቹና አያቶቹ ናቸው። «ይህ ነጭ ሻሽ የጠመጠሙት ቄስ ማን ናቸው? ይህች ሕፃን ያዘለችው የማን ልጅ ናት? ይህ ቤት በየትኛው መንደር ነው?» ብሎ ልጁ ይጠይቅ፤ መልሱንም በአማርኛም በዕብራይስጥም ይጻፈው። ፋይሉን ሲያስቀምጥ «ቪዲዮ 1፣ ቪዲዮ 2» አይበለው፤ ዓመቱን፣ ቦታውንና የሰዎቹን ስም ይስጠው። ያ የልጅ ልጅ ጣቱን ሪሞቱ ላይ ያደረገው ክፉ ሆኖ አልነበረም፤ ዝርዝሩ ላይ ስም ስላልተጻፈ ነው።

የማይተካው ምስል በሌላ ቦታ ከተቀመጠ በኋላ ዲስኩን ወደ መቀየር ይኬዳል። ለዚህ የሚሻለው ላፕቶፕ ሳይሆን የቆመው ዓይነት፣ ጎኑ በብሎን የሚከፈት አሮጌ ኮምፒዩተር ነው። ሁለት ዓይነት መሰኪያ አለ። የቆየው ሰፊና ጠፍጣፋ ገመድ ያለው አይዲኢ ሲሆን፣ ከ2003 ወዲህ እየተስፋፋ የመጣው ደግሞ ቀጭን ገመድ ያለው ሳታ ነው። የመቅጃችሁ ዲስክ የትኛው እንደሆነ ሳታዩ አዲስ ዲስክ አትግዙ። ካልተጣጣሙ አስማሚ ዕቃ አለ፤ ሆኖም መቅጃው ውስጥ ለእሱ የሚሆን ቦታ መኖሩን ቀድማችሁ ለኩ።

ስለ ዲስኩም መጠን አንድ ነገር ልናገር፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። ዲስክ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ቦታ እንደ ቤት ቁጥር ያለ ቁጥር አለው። ፖስታ አድራሹ እስከ 99 ብቻ መቁጠር የሚችል ቢሆን 100ኛው ቤት ደብዳቤ አይደርሰውም። አሮጌ ኮምፒዩተሮችና አሮጌ መቅጃዎችም እንዲሁ ናቸው። አንዳንዶቹ ከ137 ጊጋባይት በላይ ያለውን አያዩም፤ ሌሎች ደግሞ ከ2 ቴራባይት አካባቢ በላይ አይዘልቁም። ስለዚህ ሻጩ «ትልቁን ውሰዱ» ስላለ ብቻ ትልቁን አትውሰዱ። የመቅጃውን ሞዴል ቁጥር ከጀርባው ጻፉና እስከ ስንት እንደሚቀበል ጠይቁ። አንዳንድ ፋብሪካ ዲስኩን ከሣጥኑ ጋር ስለሚያስተሳስረው ሌላ ዲስክ ከናካቴው የማይቀበል መቅጃም አለ። ከእነዚህ አንዱ የእናንተ ከሆነ፣ ምስሉን ገልብጣችሁ ሣጥኑን እንዳለ መተው ነው።

ሣጥኑ ሲከፈት ትልቅ ሰው ይኑር። የኤሌክትሪኩ ኃይል እዚህ አገር 230 ቮልት ነው፤ ገመዱ ከግድግዳው ከተነቀለም በኋላ በኃይል ማደያው ክፍል ውስጥ ያሉ ዕቃዎች ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ። ነቅላችሁ ረዘም ላለ ጊዜ ተዉት፤ ከዚያም ቢሆን በዚያ ክፍል ላይ እጅም ካቻቢቴም አይረፍ። ዲስኩን ከመንካታችሁ በፊት የኮምፒዩተሩን ብረት ነክታችሁ በሰውነታችሁ ላይ ያለውን ኤሌክትሪክ አስወግዱ። ብሎኖቹን በቡና ሲኒ ውስጥ አስቀምጧቸው፤ ይጠፋሉ።

አሮጌው ዲስክ ከኮምፒዩተሩ ጋር ሲሰካ ዋናው አደጋ ይመጣል። መቅጃው ምስሉን የሚጽፈው ዊንዶውስ በማያውቀው መንገድ ስለሆነ፣ ዊንዶውስ የሞላውን ዲስክ እንደ ባዶ ቆጥሮ «ላዘጋጀው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። በዕብራይስጥ ለፋርሜት ወይም ለአትኸል የሚል ቃል ከታየ መልሱ «ሎ» ነው። «ኬን» ካላችሁ ምስሉ ሊጠፋባችሁ ይችላል። የቲቮ ባለቤቶች እንዲያውም የድሮው ዊንዶውስ ሳይጠይቅ በዲስኩ ላይ ምልክት እየጻፈ ያበላሽባቸው ነበርና፣ ኮምፒዩተሩን በዊንዶውስ ጨርሶ አያስነሡም ነበር። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ሊኑክስን በሲዲ ወይም በዲስክ ኦን ኪ ላይ አድርጎ ኮምፒዩተሩን በእሱ ማስነሣት ይቻላል። ክሎንዚላ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ጤነኛውን ዲስክ እንዳለ ይገለብጣል። ዲስኩ የታመመ ከሆነ ግን ዲዲሬስኪው የተባለው ይሻላል፤ በመጀመሪያ ጤነኛውን ክፍል ያወጣና የከበደውን በኋላ ተመልሶ ይሞክረዋል።

በሁለቱም ላይ «ከየት?» እና «ወዴት?» የሚል ጥያቄ አለ። ይህን ያቀያየረ ሰው ባዶውን በሞላው ላይ ገልብጦ የአያቱን ድምፅ በገዛ እጁ ያጠፋል፤ የሚመለስበትም መንገድ የለም። ስለዚህ በአሮጌው ዲስክ ላይ ወረቀት ለጥፋችሁ «የሞላው፤ አይነካም» ብላችሁ ጻፉ። በላዩ ላይ የታተመውን ቁጥር ከኮምፒዩተሩ ጋር አስተያዩ። አንዱ አንብቦ ሌላው ያረጋግጥ። ከዚያ አስጀምራችሁ ጠብቁ። በሳታ መሰኪያ በቀጥታ የተሰካ 500 ጊጋባይት ሁለት ሰዓት አካባቢ ሊፈጅ ይችላል፤ በቆየው የዩኤስቢ 2 ገመድ ከሆነ ከ4 ሰዓት በላይ ይወስዳል። የታመመ ዲስክ ደግሞ ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ቡና አፍሉ፤ ብቻ ማንም ገመዱን እንዳያደናቅፈው።

አዲሱ ዲስክ ተመልሶ ሲገባ መቅጃው የቆየውን ዝርዝር ካሳየ ሥራው ተሳክቷል። ነገር ግን ትልቅ ዲስክ ሆኖ ሳለ የድሮውን መጠን ብቻ ቢያሳይ አትደንግጡ። የተገለበጠው እንዳለ ስለሆነ ትርፉን ቦታ ገና አላወቀውም፤ ለአንዳንድ ሞዴል ትርፉን የሚያስጨምር ፕሮግራም አለ፣ ለአንዳንዱ የለም።

ሱቅ ያላችሁ ሰዎች የጥበቃ ካሜራ መቅጃም ትጠይቁኛላችሁ። እሱ ይቀላል። አዲሱ ዲስክ ይገባል፣ ሣጥኑ ራሱ ያዘጋጀዋል፣ የቆየው ግን አብሮ አይመጣም። ሌት ተቀን ስለሚጽፍ ለካሜራ ተብሎ የተሠራ ዲስክ ይሻለዋል። ለፖሊስ የሚሆን ነገር ካለ መጀመሪያ አውጡት።

በመጨረሻ የቅጂው ማስቀመጫ ነገር አለ። አሽቀሎን ለጋዛ ቅርብ ናት። በጥቅምት 2023 ሮኬቱ ሲበዛ ብዙ ቤተሰብ ልጆቹንና መታወቂያውን ብቻ ይዞ ወደ ሌላ ከተማ ወጥቷል። በዚያ ሰዓት ከቴሌቪዥን ሥር ሣጥን የሚነቅል ሰው የለም። ስለዚህ አንዱን ቅጂ በማማዱ ውስጥ ከሰነዶቻችሁ ጋር አስቀምጡ፤ ሌላውን ደግሞ በሌላ ከተማ ላለ ዘመድ ስጡ። አሮጌውንም ዲስክ አትጣሉት፤ በደረቅ ቦታ ጠቅልላችሁ አኑሩት፣ ስሙን ጻፉበት።

ያነሣሁላችሁ ቤተሰብ ጋ እስካሁን የተገለበጠው የስግድ ማግስቱ ምስልና ሁለት ሠርግ ነው። ሰፈራቸው ካለ መትናስ ሊጣል የነበረ ኮምፒዩተር አግኝተዋል። ልጁ ገመዱን ይይዛል፣ አያቱ ከጎኑ ተቀምጠው ስም ይነግሩታል። እስከ ባለፈው ሳምንት 31 ስም ጽፏል፤ ሦስቱን እንዴት በዕብራይስጥ እንደሚጽፋቸው ገና አልተስማሙም።

በሚቀጥለው ንግግራችን ስለ ትምህርት ቤት ምዝገባ እንነጋገራለን። እስከዚያው ጤና ይስጥልን።